ከቤት ትምህርት ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች፦ ለልጁ ማን ይመስክርለት?

ቤት ውስጥ የተማረ ልጅ ለሃርቫርድ ወይም ለኤም.አይ.ቲ. ማመልከት ይችላል ወይ? የዚህ መልስ አጭር ነው፤ ይችላል፣ ተቀባይነት ያገኙም አሉ። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው። መምህሩም፣ ርእሰ መምህሩም፣ የትምህርት መረጃውን የምትይዘውም እናቱ የሆነችለት ልጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ ማን ይመስክርለት? እናት ለልጇ "ኤ" ብትሰጥ ማንም አይደነቅም። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" የሚለውን ተረታችንን ፈረንጆቹ ባይሰሙትም፣ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ክፍል ሠራተኞች የቤት ተማሪን ማመልከቻ የሚያነቡት በዚሁ መንፈስ ነው። እናቲቱን ዋሾ ናት ብለው አይደለም። የእሷን "ኤ" ከሌላው "ኤ" ጋር የሚያስተያዩበት ሚዛን ስለሌላቸው ነው። እንግዲህ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ዝግጅት ሁሉ ተጠቅልሎ የሚመጣው ወደዚህ ነው፤ የእናትን ቃል የሚያጸና የውጭ ምስክር ማቅረብ።

ይህ ጽሑፍ ልጆቻቸውን በአሜሪካ ውስጥ በቤት ለሚያስተምሩ ወይም ለማስተማር ለሚያስቡ ወላጆችና ለልጆቹ ለራሳቸው የተዘጋጀ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ላላችሁም በመካከሉ የምንለው አለን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖች ሆምስኩሊንግ የሚሉት የቤት ትምህርት በ50ዎቹም ስቴቶች ሕጋዊ የሆነው እስከ 1993 ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረ ወላጅ በአንዳንድ ስቴቶች ፍርድ ቤት ይቆም ነበር። ሆኖም አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሕጉን አልጠበቁም። በሰሜን ካሊፎርኒያ ገጠር ፍየል እያረቡ ይኖሩ የነበሩት ዴቪድና ሚኪ ኮልፋክስ በቤት ያስተማሩት የመጀመሪያ ልጃቸው ግራንት በ1983 ሃርቫርድ ገባ፤ ሁለት ወንድሞቹም ተከተሉት። ግራንት ኮልፋክስ በኋላ ሐኪም ሆኖ፣ በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን የዋይት ሐውስ የኤድስ ፖሊሲ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ታሪክ በጋዜጣ የሚወጣ ብርቅ ነበር። ዛሬ ብርቅነቱ ቀርቷል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባካሄደው ጥናት፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች መካከል በቤት የሚያስተምሩት በ2020 ጸደይ 5.4 በመቶ የነበሩት በዚያው ዓመት መከር 11.1 በመቶ ደርሰዋል። ምክንያቱ ኮቪድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ግን ሁሉም አልተመለሰም።

በእኛ ማኅበረሰብም ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። ሃይማኖት አለበት፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት መበላሸት አለበት፤ የልጅ ሕመም አለበት፤ ክፍሉን ቀድሞ ሄዶ የሚሰለች ልጅም አለ። አንዱን ከወዲሁ እንናገር፤ ልጁን ሃርቫርድ ለማስገባት ብሎ ከትምህርት ቤት የሚያወጣ ወላጅ ካለ ስሌቱ የተሳሳተ ነው። የቤት ትምህርት በቅበላ ላይ በራሱ የሚጨምረው ነጥብ የለም። የሚጨምረው ሥራ ነው።

አንድ ፈተና አይበቃም

አገር ቤት ሳለን የዩኒቨርሲቲን በር የሚከፍተው አንድ ፈተና ነበር። ማትሪክ ያለፈ ገባ፣ የወደቀ ቀረ። ትምህርት ቤት ገብቶ ያልተማረም ቢሆን በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ያንኑ ወረቀት ይፈተናል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን "ልጁ ኤስ.ኤ.ቲ.ውን ከደፈነ ሌላው ሁሉ ይቀራል" ብለን እናስባለን። አይቀርም። እጅግ መራጭ የሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሃርቫርድንና ኤም.አይ.ቲ.ን ብንወስድ፣ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበሉም፤ ከ1600 ነጥብ 1550 አምጥቶ የሚመለሰው ልጅ በየዓመቱ ብዙ ነው። የሚያነቡት መላውን ፋይል ነው፤ አራት ዓመት ምን ተማረ፣ ከማን ተማረ፣ ከቤት ውጭ ምን ሠራ፣ የሚያውቁት ሰዎች ምን ይላሉ።

ሃርቫርድ በቤት ለተማሩ አመልካቾች የተለየ አሠራር የለውም፤ እንደማንኛውም አመልካች ያያቸዋል። የፈተና ውጤት፣ ትራንስክሪፕትና ከቤተሰብ አባል ያልሆነ ሰው የጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። ኤም.አይ.ቲ.ም የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማም ሆነ ጂ.ኢ.ዲ. የሚባለውን የማቻቻያ ፈተና ግዴታ አያደርግም። ስለ ጂ.ኢ.ዲ. በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በየማኅበሩ "ቤት የተማረ ልጅ ያለ እሱ ኮሌጅ አይገባም" ሲባል ይሰማል። በስቴቱ ሕግ መሠረት በቤት ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ዲፕሎማውን የሚሰጠው ወላጁ ነው፤ ለፌዴራል የገንዘብ ድጋፍም ይህ ይበቃል።

ሕጉ በየስቴቱ

ሕግን ስናነሣ፣ የስቴቱን ደንብ ማክበር ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ የፌዴራል የተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጠው ትምህርቱን የስቴቱ ሕግ በሚቀበለው መንገድ ለጨረሰ ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ለመንግሥት የቀረበ ወረቀት በራሱ የውጭ ምስክር ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለትምህርት ቢሮው ያሳውቃል፤ በዓመቱ መጨረሻም እስከ ኦገስት 1 ልጁ መግፋቱን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም ግምገማ ያቀርባል። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ቅጽ ይሞላል፤ ከዚያም የካውንቲው ሠራተኛ የልጁን ሥራ የያዘውን ማኅደር በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያያል፤ ወይም ቤተሰቡ ይህን በሚቆጣጠር የቤተ ክርስቲያን ወይም የግል ተቋም ሥር ይመዘገባል። ቴክሳስ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 የቤት ትምህርት እንደ ግል ትምህርት ቤት እንደሚቆጠር ወስኗል፤ ወላጁ ለማንም በየዓመቱ ሪፖርት አያቀርብም። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ይህ ነጻነት ደስ ሊያሰኛችሁ ይችላል። ዳሩ ግን ማንም ስለማይጠይቃችሁ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ እጃችሁ ላይ ራሳችሁ ካስቀመጣችሁት በቀር አንድም ወረቀት አይኖርም።

ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ እዩ። ጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት እንዲቀመጥ ታስገድዳለች፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2006 በቤት ማስተማር የፈለጉ ወላጆችን አቤቱታ ሳይቀበል ቀርቷል። ስዊድን በ2010 ባወጣችው የትምህርት ሕግ ከልዩ ምክንያት በቀር ፈቃድ አትሰጥም። እንግሊዝ ውስጥ ግን የተፈቀደ ነው፤ ልጁ የጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. እና የኤ ሌቭል ፈተናዎችን በግል ተፈታኝነት ይወስዳል፣ ዋናው ጣጣም የግል ተፈታኝ የሚቀበል የፈተና ጣቢያ ማግኘት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኢንተርኔት በሚያስተምር የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ዕውቅና ያለውና ራሱ ትራንስክሪፕት የሚሰጥ ከሆነ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ እንጂ የቤት ተማሪ ተብሎ አያመለክትም። ዕውቅናው ግን ይጣራ። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ልጅ ገንዘብ የሚያስፈልገው ከሆነ የአመልካቹን ገንዘብ መጠየቅ ለቅበላ ውሳኔው ግምት ውስጥ የማያስገቡት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ ዳርትመዝ፣ አምኸርስትና ቦዶይን ከእነዚህ ይቆጠራሉ።

እናት ሬጅስትራር ስትሆን

ወደ አሜሪካው ማመልከቻ እንመለስ። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል፤ በእሱ እስከ 20 ኮሌጆች ማመልከት ይቻላል። ልጁ በቤት መማሩን ከሞላ በኋላ ካውንስለር በሚለው ቦታ የእናቱን ወይም የአባቱን ስም ያስገባል። ከዚያ በኋላ ለወላጅ የሚደርሱት ቅጾች የትምህርት ቤት ካውንስለር የሚሞላቸው ናቸው፤ የትምህርት ቤት ሪፖርት፣ ትራንስክሪፕት፣ የትምህርት ቤቱ መግለጫና የካውንስለር ደብዳቤ። ለቤት ትምህርት ብቻ የተዘጋጁ ጥያቄዎችም አሉ፤ ለምን ቤት እንደተመረጠ፣ በምን ዘዴ እንደተማረ፣ ውጤት እንዴት እንደተሰጠ፣ ከቤት ውጭ ከማን እንደተማረ።

ትራንስክሪፕቱ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በየዓመቱ የተወሰዱት ኮርሶች፣ ክሬዲቱ፣ ውጤቱ፣ ትምህርቱ የተሰጠበት ቦታና የወላጅ ፊርማ ይኑርበት። ለክሬዲት አቆጣጠር በአሜሪካ የቆየው ልማድ ካርኔጊ ዩኒት የሚባለው ነው፤ በዓመት 120 ሰዓት ያህል የተጠና ትምህርት አንድ ክሬዲት ይሆናል። በቤት የተሰጠውን፣ በኮሌጅ የተወሰደውንና በኢንተርኔት የተማረውን በምልክት መለየት ያስፈልጋል። "ኤ.ፒ." የሚለውን ስም በዘፈቀደ ከኮርስ ስም ፊት መለጠፍ አይገባም፤ ስሙ የኮሌጅ ቦርድ ንብረት ስለሆነ የኮርሱ ዝርዝር ተልኮ መጽደቅ አለበት። ያ ካልሆነ ኮርሱን በተራ ስሙ ጽፎ የፈተናውን ውጤት ከጎኑ ማስፈር ይቻላል።

ውጤት ሲሰጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እናት በአልጀብራና በካልኩለስ "ኤ" ሰጥታ ልጁ በኤስ.ኤ.ቲ. ሒሳብ ከ800 ነጥብ 780 ካመጣ የእናትየው ቃል ተደገፈ። ያው ልጅ 560 ካመጣ ግን የሚወድቀው የሒሳቡ "ኤ" ብቻ አይደለም፤ በታሪክና በሥነ ጽሑፍ የሰጠችውም ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ስለዚህ ለልጁ የሚገባውን "ቢ" መስጠት ልጁን መጉዳት አይደለም።

ከትራንስክሪፕቱ ጋር የኮርስ መግለጫ የሚባል ሰነድ ይላካል። በእኔ እምነት ከወላጅ እጅ ከሚወጡት ወረቀቶች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ የሚያስታውሰው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ አንቀጽ ይጻፋል፤ የትኛው መጽሐፍ፣ የማን ድርሰት፣ ስንተኛ እትም፤ ስንት ድርሰት ተጻፈ፤ ምን ዓይነት የላቦራቶሪ ሙከራ ተሠራ፤ ውጤቱ ከምን ከምን ተደመረ። "ባዮሎጂ፣ አንድ ክሬዲት፣ ኤ" የሚለው መስመር ምንም አይናገርም። አንባቢው ከመግለጫው ላይ ልጁ የትኛውን መማሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንደጨረሰና ስንት ገጽ የላቦራቶሪ ዘገባ እንደጻፈ ሲያይ ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል። በ9ኛ ክፍል የተነበበውን በ12ኛ ክፍል አስታውሶ መጻፍ አይቻልም፤ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ደብተር መክፈት ነው።

የካውንስለር ደብዳቤውን ወላጅ መጻፉ ነውር የለውም፤ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ግን የእኛ ቤተሰቦች ሁለት ችግር ይገጥማቸዋል። አንዱ የይዘት ነው። "ጨዋ ነው፣ ታዛዥ ነው፣ እግዚአብሔርን ይፈራል" ብለን እንጀምራለን። መልካም ጠባይ ነው፤ ሆኖም ለማያውቀው አንባቢ ልጁን አያሳየውም። ማንም ሳያዘው ከቀትር በኋላ ምን ሲሠራ ይውላል? የትኛውን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ መለሰ? የትኛውን ትምህርት ሦስት ወር ታግሎ ጣለውና በዓመቱ ተመለሰበት? እንዲህ ያለውን ከእናትና ከአባት በቀር የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው የቋንቋ ነው፤ ሲነገርም እምብዛም አይሰማም። በብዙ ቤት የሐኪም ቀጠሮውን፣ የባንኩን ደብዳቤ፣ የግብሩን ወረቀት የሚያነበውና የሚሞላው ልጁ ነው። ታዲያ የእናቱን የካውንስለር ደብዳቤም እሱ ቢጽፈው ማንም አይገርመው። ግን ይህ ልጁ ስለ ራሱ ጽፎ በሌላ ሰው ስም መፈረም ነው፤ ከታወቀ ማመልከቻው ያበቃለታል። ለአንባቢም ይታያል፤ የልጁ ድርሰትና የእናቱ ደብዳቤ በአንድ እጅ የተጻፉ ሲሆኑ ይመሳሰላሉ። የሚሻለው እናት ሐሳቧን በአማርኛ ጽፋ ወይም ተናግራ፣ ሌላ አዋቂ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግና፣ ከደብዳቤው ግርጌ "ከአማርኛ የተተረጎመ" ብሎ መጻፍ ነው። የተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን የራሷ ከሆነ አያሳፍርም።

የውጭ ምስክሮች

ከውጭ ምስክሮች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የሞንትጎመሪ ኮሌጅንና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ታውቋቸዋላችሁ፤ ብዙዎቻችን ራሳችን ያለፍንባቸው ናቸው። ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያለ የኮሌጅ ኮርስ የሚወስድ ልጅ ይቀበላሉ፤ ይህ ዱዋል ኢንሮልመንት ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት የ11ኛ ክፍል የቤት ተማሪ በመከር ወቅት የኮሌጅ ኬሚስትሪ ከነላቦራቶሪው፣ በጸደይ ደግሞ የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርስ ወሰደች እንበል። ከዚህ አራት ነገር ታገኛለች፤ ከማያውቃት መምህር የተሰጠ ውጤት፣ ኮሌጁ ራሱ የሚልከው ትራንስክሪፕት፣ ቤት ውስጥ ሊሟላ የማይችል ላቦራቶሪ፣ እና የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላት የሚችል ፕሮፌሰር። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ከሚባለውም ያልፋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። በ15 ዓመት የተገኘ "ሲ" ከኮሌጁ መዝገብ አይፋቅም፤ ሕግና ሕክምና ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላል። ስለዚህ ልጁ ሳይዘጋጅ መላክ አይገባም። የተወሰደውን ክሬዲት መራጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለዲግሪ ላይቆጥሩት ይችላሉ፤ እንደ ማስረጃ ግን ያነቡታል። ደግሞም ኮርሶቹ መወሰድ ያለባቸው ልጁ ከሁለተኛ ደረጃ ከመመረቁ በፊት ነው። ዲፕሎማውን ሰጥታችሁት ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ቢመዘገብ፣ አዲስ ገቢ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተዛዋሪ ተማሪ ሊቆጠር ይችላል፤ የተዛዋሪዎች በር ደግሞ በብዙ ቦታ ይበልጥ ጠባብ ነው።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ለብቻው ልታዩት የሚገባ ነገር አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤስ.ኤ.ቲ. ውጤት ለቅበላ ጨርሶ አይመለከትም፤ ኮርሶቹም ከጸደቀ ዝርዝር ውስጥ እንዲሆኑ ይፈልጋል። እናት በቤት የሰጠችው ኮርስ በዚያ ዝርዝር ስለማይገኝ፣ ለበርክሌይና ለዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የሚያስብ የቤት ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ወይም የጸደቁ የኢንተርኔት ኮርሶችን ገና ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ማሰብ አለበት።

ወደ ፈተናዎቹ ስንመጣ፣ በኮቪድ ጊዜ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤስ.ኤ.ቲ.ንና ኤ.ሲ.ቲ.ን በፈቃድ አድርገው ነበር። ኤም.አይ.ቲ. በ2022፣ ዳርትመዝና ሃርቫርድ በ2024 ወደ ግዴታነት መመለሳቸውን አስታውቀዋል። በፈቃድ የሆነበት ቦታም ቢሆን የቤት ተማሪ ባይፈተን ራሱን ነው የሚጎዳው፤ ሌላው ልጅ ትምህርት ቤቱ ይመሰክርለታል፣ የቤት ተማሪ ግን አንዱን ምስክሩን በገዛ እጁ አስቀረ ማለት ነው። ሲመዘገብ የትምህርት ቤት መለያ ቁጥር ከተጠየቀ ለቤት ተማሪዎች የተመደበው 970000 ነው። ከ2024 ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተር ሆኗል። ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ የቤት ተማሪ የትምህርት ቤት መታወቂያ የለውም። እንደ ፓስፖርት ወይም እንደ ስቴት መታወቂያ ያለ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ አስቀድሞ ካላዘጋጀ ከፈተናው በር ይመለሳል።

ኤ.ፒ. ፈተናዎች በሜይ ይሰጣሉ፤ የሚሰጡት ግን በትምህርት ቤቶች ስለሆነ የውጭ ተፈታኝ የሚቀበል ትምህርት ቤት ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ። ትምህርት ቤቶቹ ፈተናውን የሚያዝዙት በኖቬምበር አጋማሽ ነውና ፍለጋው በኦገስትና በሴፕቴምበር ይጀመር። አንዱ ትምህርት ቤት እምቢ ቢል ሌላውን መጠየቅ ነው፤ የግል ትምህርት ቤቶችም ይሞከሩ። ለናሽናል ሜሪት ስኮላርሺፕ የሚያወዳድረው ፒ.ኤስ.ኤ.ቲ.ም በ11ኛ ክፍል ኦክቶበር ላይ በዚሁ ዓይነት በልመና የሚገኝ ወንበር ነው። የኤስ.ኤ.ቲ. የትምህርት ዓይነት ፈተናዎች የሚባሉት ግን በ2021 ቀርተዋል፤ የቆዩ መመሪያ መጻሕፍት "የቤት ተማሪ ሦስት ይውሰድ" ቢሏችሁ እለፉት።

የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ከቤተሰብ ውጭ መሆን አለባቸው። ይህ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ልጁን የሚያስጠናው አጎት ኢንጂነር ሊሆን ይችላል፣ አጎት ግን አጎት ነው። የክርስትና አባትም ቢሆን ዘመድ ባይሆንም ከቤት ሰው አይርቅም። ኮሌጅ ያስተማረው ፕሮፌሰር፣ የኢንተርኔት ኮርስ መምህር፣ በቤተ ሙከራ ወይም በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ሲሠራ የተቆጣጠረው ሰው፣ የክርክር ወይም የሒሳብ ክበብ አሠልጣኝ ይሻላሉ። ደብዳቤውን በሴፕቴምበር መጠየቅ ጨዋነት ነው።

ግዕዙን አትደብቁት

ብዙ ወላጆች ልጁ በቤተ ክርስቲያን የሚማረውን ከትምህርት አይቆጥሩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ውዳሴ ማርያም በዜማ ይዞ፣ ዲቁና የተቀበለ ልጅ በማመልከቻው ላይ "የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት" የምትል አንዲት መስመር ብቻ ይጽፋል። ላቲን የተማረ ልጅ እንዲህ አያደርግም። ግዕዝም እንደ ላቲን ጥንታዊ የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ይጠናል። ሰዓቱ ከተመዘገበ፣ ሰዋስውና ንባብ በሥርዓት ከተጠና፣ ትርጉም ከተሠራ ከነመግለጫው በትራንስክሪፕቱ ላይ ሙሉ ኮርስ ሊሆን ይችላል። ያስተማሩት መሪጌታ ወይም ቄስ ተጨማሪ ደብዳቤ ሊጽፉ ይችላሉ፤ ከሁለቱ የመምህራን ደብዳቤ በተጨማሪ እንጂ በምትካቸው አይሁን። ንባብ በቃል ያዘ ማለትና ግዕዝ አወቀ ማለት ግን ይለያያሉና ያልሆነውን መጻፍ አይገባም።

አማርኛም እንዲሁ ነው። ከቤት የተወረሰ ቋንቋ ብሎ መናገር ብቻ በቂ አይደለም፤ አክትፍል የሚባለው የአሜሪካ የውጭ ቋንቋ መምህራን ማኅበር የቃል ፈተና አማርኛን ይጨምራል። ልጁ ተፈትኖ ደረጃውን ካመጣ የእናትና የአባት ቋንቋም በውጭ ሰው ተመሰከረለት ማለት ነው።

ገንዘቡ

"ሃርቫርድ ለሀብታም ነው" የሚለው አባባል ብዙ ጎበዝ ልጅ እንዳያመለክት አድርጓል። ሃርቫርድ ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር የሆነና የተለመደ ያህል ንብረት ያላቸው ቤተሰቦች ምንም እንዳይከፍሉ፣ እስከ 200,000 ዶላር ያሉት ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍሉ አድርጓል። ኤም.አይ.ቲ.ም በ2024 መጨረሻ ተመሳሳይ ወሰን አስታውቋል። ታክሲ የሚነዳ አባትና ነርሲንግ ሆም የምትሠራ እናት ያሉት ልጅ እዚያ ቢገባ የሰፈሩ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚያስከፍለው ያነሰ ሊከፍል ይችላል።

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የቤት ተማሪ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ሲሞላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በቤት ማጠናቀቁን ይመርጣል። ብዙዎቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ በላይ ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባል ረጅም ቅጽ ይፈልጋሉ። በዚያ ቅጽ ላይ ልዩ ሁኔታን ለማስረዳት የተተወ ቦታ አለ። አገር ቤት ላሉ ወላጆችና ወንድሞች በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ በግብር ወረቀታችሁ ላይ አይታይምና እዚያ ጻፉት፤ የላካችሁበትንም ደረሰኝ አስቀምጡ። ዩኒቨርሲቲው ይቆጥረዋል አይቆጥረውም የእሱ ፈንታ ነው፤ ካልነገራችሁት ግን አያውቀውም። አንዱ ወላጅ ሥራ ትቶ ቤት የዋለው ለማስተማር መሆኑም በዚያው ይገለጽ።

የመጨረሻው ዓመት

በ12ኛ ክፍል መከር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ቅድሚያ ማመልከቻ በአብዛኛው ኖቬምበር 1፣ መደበኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። የገንዘብ ቅጾቹ የራሳቸው ቀን አላቸው። ልጁ የ650 ቃል ድርሰቱን ሲጽፍ የቤት ትምህርትን ለመከላከል ባይጠቀምበት ይሻላል፤ ያንን የወላጅ ደብዳቤ ያደርገዋል፣ ድርሰቱ ስለ ልጁ ይሁን። የሥራና የተሳትፎ ዝርዝሩ አሥር ቦታ አለው፤ ታናናሾቹን መንከባከቡ፣ በአባቱ ሱቅ መሥራቱም እዚያ ይገባል።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ የወላጅ ሥራ አያበቃም። እንደማንኛውም ካውንስለር እናት ወይም አባት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የመንፈቀ ዓመቱን ውጤት ይልካሉ። ልጁ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ደግሞ የምረቃው ቀን የተጻፈበት የመጨረሻ ትራንስክሪፕት ይላካል፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ትራንስክሪፕትም ከኮሌጁ ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲሄድ ይጠየቃል። ይህ ሳይደርስ ዩኒቨርሲቲው የልጁን ምዝገባ ሊያግድ ስለሚችል፣ ለምረቃው ድግስ ዳቦ ከመደፋቱ በፊት ወረቀቱ መላኩን አረጋግጡ።